የኦራሃም ክር

ከወርቅ ቤቶቹ ኋላ፣ ዶሮ ማነቂያ ሥር፣
ኦራሃም የስፌት መኪና ይጠግን ነበር።
አርመን የሚለው አለ፣ ግሪክ የሚለው አለ፤
እሱ ማንንም አላረመ፣ መርፌውን ዘይት እየቀባ ዝም አለ።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ፣ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ፤
አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ ሲፈልግ አገኘኝ።
«ለመሆኑ ከየት ነህ?» አልኩት በሻማው ብርሃን።
«አሦር ነኝ» አለ፤ «ሀገሬ መጽሐፍ ውስጥ ናት አሁን።»

ነነዌን አውቃታለሁ፤ እናቴ ጾማታለች፣
ሦስት ቀን አፏን ዘግታ፣ ለእኛም እህል ከልክላለች፤
ግን ከዚያ አገር አንድ ሰው ተርፎ መጥቶ፣
ፒያሳ ላይ መርፌ ይሸጣል፣ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣
ብሎ ማን ያስባል?
እሱም ጾሟን ይጾማል። ሦስቱን ቀን ሱቁ ይዘጋል።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ባዶ ካሴት ይዞ መጣ፤
ኮት ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ የዘይቱ ሽታ ግን ከእጁ አልወጣ።
«ቅዳኝ» አለ። በሩን ዘጋሁ፤ መቅጃውን ተጫንኩ፤
ያ ዝምተኛ አፉን ሲከፍት፣ ወንበሬን ስቼ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ኪርኩክ ሠርግ ላይ የታወቀ ድምፅ ነው፤
ሦስት መንደር እጅ ለእጅ ተያይዞ መሬት የረገጠለት።
ኋላ ሠርገኛው ተበተነ፤
ሙሽራው ስዊድን፣ ሙሽሪት ሲድኒ፣
ከበሮ መቺው የገባበት አልታወቀለት፤
ዘፋኙ እዚህ፣ ከእኔ ግድግዳ ማዶ።

ካሴቱን በቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ ቸርችልን ቁልቁል ወረደ፤
ዋናው ፖስታ ቤት ተሰልፎ፣ አስመዝግቦ ሰደደ።
በዓመቱ ደብዳቤ መጣ፤ ፎቶግራፍ አለበት፤
አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ከሣጥን በሚወጣ ድምፅ ሲጨፍርበት።
እዚያ ስሙ ይጠራል፣ ምስሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎለታል፤
እዚህ ልብስ ሰፊው ጋሽ ዘለቀ
«አንተ ግሪኩ፣ ክሩ እየተበጠሰ ነው!» ይለዋል።

ቃሉ አይገባኝም ነበር። ስቀዳው ስቀዳው ግን ጆሮዬ
ከጎርፉ መሃል ጠጠር ይለቅም ጀመረ፦
ቤታ። ሊባ። ሽማያ። ሊሻና።
«ቤት? ልብ? ሰማይ?» አልኩት።
«እንዴት አይገባህ» አለ፣ «ዘመዳሞች ነንና!»
«ሊሻና ግን ምንድን ነው?» ብዬ ጥቂት አሰብኩና፣
«ልሳን!» አልኩ፤ «ልሳን! ቅዳሴው ላይ አለ!»
ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ፤ ሌላ ምንም አላለ።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር።
የመጨረሻውን ካሴት፣ ሳሉ ሲጠናበት የቀዳሁት፣
ሁለተኛው ፊቱ ባዶ መስሎኝ የሬዲዮ ኳስ ጨዋታ ቀዳሁበት።
ጊዮርጊስ ከቡና ነበር።
ኦራሃም ትንፋሹን ስቦ፣ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል፣
ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ይጮኻል፦ ጎ-ል!
ሳልነግረው ሞተ።

ጉለሌ፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ የኛ ዕድር ቀበረው፤
ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደውን ጽሑፍ፣ ራሱ በእርሳስ የነደፈውን፣
ድንጋይ ጠራቢው እንደ ጥልፍ ቀዳው እንጂ ማን ያነበው?

ዘንድሮ ሱቁ ፈረሰ፤ የኔም ፈረሰ፤
ከሁለቱ ሱቅ የተረፈው በአንድ የሲንጀር መሳቢያ ተሸክፎ ጨረሰ።

ናህሪን መጣች፣ የልጁ ልጅ፣ ከሲድኒ፣
የአያቷን ቅንድብ ይዛ፤ የእህቴ ልጅ አስተረጎመን።
ካሴቱን አጫወትኩላት። ኳሱ ጋ ሲደርስ ፊቴን አዞርኩ።
«መልሰው» አለች። መለስኩ። «አሁንም።» መለስኩ።
«ይህ ሁሉ ሕዝብ» አለች፣ «እዚህ አገር ለአያቴ ጮኸለት?»
ኳስ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ፤
ዘጋሁት።

ከዚያ ዘፈኑ ቀጠለ፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ልትከተለው ሞከረች፤
ቋንቋውን አላስተማሯትም። አንድ ቃል ላይ ቆመች፦
«ሊሻና ምንድን ነው?»
የእህቴን ልጅ አልጠበቅሁም።
እኔ፣ የፒያሳው ቴፕ ጠጋኝ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ፣
ምላሴን አውጥቼ፣ ነካሁት በጣቴ።